እስከ ድልድዩ ድረስ ያኮረፈው ሰው

ዋንዛ በር ላይ አንድ ሰው ካኮረፈ፣ ባሕር ማዶ ያለው ዋና ቢሮ ውስጥ መብራት ይበራል። ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ ቀልድ አይደለም። መንግሥታት ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዘው «የሥር ስምምነት» የሚባለውን ከፈረሙ ወዲህ፣ ፈንጂ ከፈነዳ በኋላ መሯሯጥ ቀርቷል። ሥራው ሰውዬው ገና ከንፈሩን ሲነክስ መድረስ ሆኗል። ሽብር ዛፍ ነው፣ ሥሩ ቅያሜ ነው፣ ሥሩን እንንቀለው ተባለ። ተባለና ተደረገ። ወታደሩ መሣሪያውን አስረክቦ ችግር ፈላጊ ሆነ። ድሮ በየአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ ይበረብር የነበረው ማሽን ዛሬ ዋንዛ በር ላይ ሣር ውስጥ የጠፋ ማጭድ ይፈልጋል። የፈንጂ ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ትውልድ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዷል።

በየቤቱ በራፍ ላይ ጆሮ ተሰቅሏል። ስሙ ጆሮ ይሁን እንጂ መልኩ የተደፋ ዋንጫ ነው፤ ከሥሩ አንዲት ትንሽ መብራት አለችው። ማለዳ ሰው ዓይኑን ሳይጠርግ ጆሮው «እንዴት አደሩ?» ይላል። መብራቷ አረንጓዴ ከሆነች ባለቤቱ ከዓለም ጋር ሰላም ነው። ቢጫ ከሆነች ተቀይሟል፤ ቢጫ መብራት ባለበት ቤት ደግሞ ለቅሶም ይሁን ሠርግ ከቤተሰብ ውጭ ሰው መሰብሰብ ክልክል ነው። ያን ጊዜ ከየአገሩ የተውጣጣ የሥር ጓድ መጥቶ የጎደለውን ይሞላል። እርቅ ቀርቦለት ሦስት ጊዜ እምቢ ያለ ሰው ግን መብራቱ ትቀላለች፤ ነጭ የአየር መርከብ ከሰማይ ወርዶ «ማረፊያ» ወደሚባል ቦታ ይወስደዋል።

ማረፊያ ክፉ ቦታ አይደለም ይላሉ። አይመቱም፣ አያስርቡም። የዋንዛ በሩ አወል ገብሬ ሄዶ ተመልሷል። ሲሄድ የገዛ ጥላው ሲቀድመው የሚቆጣ ሰው ነበር። ሲመለስ ፈገግ እንዳለ መጣና እንደዚያው ቀረ። ወጡ ጨው ቢበዛበት «ግሩም ነው»፤ ንብ ብትነድፈው «ግሩም ነው»፤ የእናቱን ሞት ሲያረዱትም ያው። ሚስቱ ከድሮው ቁጣ ትንሽ፣ ለወር በዓል ያህል እንኳ እንዲመለስለት አመልክታ ነበር። ጆሮው አቤቱታዋን በደስታ መቀበሉን ገልጾ ዝም አለ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ያቀዱት ሊቃውንት አንድ ነገር ዘንግተው ኖሯል። የወሎ ሰው እንዴት አደርክ ሲባል እውነቱን አይናገርም። ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ ላይ ቆሞም ቢሆን «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዜር ይመስገን» ነው መልሱ። ጆሮው በተተከለ ሰሞን ወረዳው በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ዋናው ቢሮ ደነገጠ፤ እንዲህ ያለ ደስተኛ ሕዝብ ከየት መጣ ብለው አጥኚ ላኩ። አጥኚዎቹ ብዙ ግብዣ ከበሉ በኋላ ደረሱበት። የዚህ አገር ሰው ቃሉ አይጨበጥም፣ የሰላምታው ርዝመት ግን አይዋሽም። ከልቡ ሰላም የሆነ ሰው ስለ ልጁ፣ ስለ ላሙ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም፣ ስለ አጎቱ ልጅ አማት ሳይጠይቅ እጅ አይለቅም። የተቀየመ ሰው «ደህና ዋልክ» ብሎ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ ጆሮው የቃሉን ነገር ትቶ ሰላምታ መለካት ጀመረ።

የሙሄ ወሌ መብራት ቢጫ የሆነችውም በዚህ ነው።

ሙሄ ወሌ የዋንዛ በር ቅሬ ድንኳን ተካይ ነው። ቅሬ ማለት ሰው ሲሞትም ሲዳርም ደርሶ የሚያቋቁመው የመንደሩ ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነው ያለው። ሙሄ ጢሙ ሳያቀመቅም ጀምሮ የዚህ ማኅበር ድንኳን ያለ እሱ መዶሻ ቆሞ አያውቅም። ጥሩንባ ነፊው ኮረብታው ላይ ወጥቶ «ሙሄ ወሌ፣ ድንኳን!» ሲል፣ ሙሄ ጉርሻውን ካፉ መልሶ ይነሳል። አንድ የበልግ አውሎ ነፋስ ድንኳኑን ከነሙሽሮቹ ሊወስድ ሲል ገመዱን በጥርሱ ነክሶ እንዳስቀረው ይነገራል። የፊት ጥርሱ የጎደለው ያኔ ነው ይላል እሱ። ሚስቱ ዘነቡ ግን ሸንኮራ ሲግጥ ነው ትላለች።

ያን ሰሞን ቅሬው አዲስ ድንኳን አስመጣ። ይሄኛው ካስማ የለው፣ ምሰሶ የለው፤ አዝራሩን ሲጫኑት እንደ ቦካ ሊጥ እየተነፋ ብቻውን ይቆማል። በደረሰ ማግሥት አንዲት አሮጊት አረፉ። ሙሄ መዶሻውን በትከሻው፣ ገመዱን በክንዱ አድርጎ ከልቅሶው ቤት ሲደርስ ድንኳኑ ቆሟል። የቅሬው ዳኛ ተኮላ ሰይድ፣ የልጅነት ጓደኛው፣ አጠገቡ ቆሞ ድንኳኑን እንደ ፈረስ አንገት ይደባብሳል። ጥሩንባም አልተነፋ፣ ሙሄም አልተጠራ።

ሙሄ መዶሻውን ወንበር ሥር አስገባ፣ አለቀሰ፣ ንፍሮውን ቃመ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግሥቱ ተኮላን መንገድ ላይ ሲያገኘው «ደህና ዋልክ» አለና አለፈ። ላሟ አልተጠየቀች፣ ጉልበቱ አልተጠየቀ። ቤቱ ሲደርስ መብራቷ ቢጫ ሆና ጠበቀችው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ልጁ ሰዓዳ ልትዳር ነው። ሙሽራው ከወንዙ ማዶ፣ ከሰንበሌጥ መንደር ነው፤ ሠርጉም ወሩ ሲያልቅ እሑድ ተቆርጧል። መብራቷ እስከዚያ አረንጓዴ ካልሆነች ሠርግ የለም። የማዶ ሰዎች ደግሞ ቢጫ ቤት ልጃቸውን ለመዳር የሚያቅማሙ ጭምቶች ነበሩ።

የሥር ጓዱ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። አለቃዋ ሶሌዳድ የምትባል የኮሎምቢያ ሴት ናት፤ ረጅም፣ ፀሐይ የጠበሳት፣ ስትቀመጥ ጉልበቷን የምታቅፍ። የአባቷን መንደር ሁለት ጊዜ ታጣቂ ሲያቃጥለው አይታ ያደገች ስለሆነች፣ ሥራውን ከልቧ ነው የያዘችው። አንገቷ ላይ ያሰረችው መሣሪያ የምትለውን ሁሉ በአማርኛ ይናገርላታል፤ አማርኛው ግን የድሮ ራዲዮ ዜና ነው። ምክትሏ ዳንላዲ ናይጄሪያዊ ነው፤ ግዙፍ፣ መሬት አይቶ ውኃ የሚያወጣ መሐንዲስ። የጓዱ ሰዎችም ትከሻቸው ላይ ትንኝ የምታህል መብራት አለቻቸው፤ ሕጉ ለሁሉም ነው።

ሶሌዳድ መደቡ ላይ ተቀመጠችና ጠየቀችው።

«የተከበሩ አቶ ሙሄ፣ የደረሰብዎት በደል ምንድን ነው?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩም እታለም።»

«መብራትዎ ቢጫ መሆኗን ያውቃሉ።»

«አምፖሏ ታማ ይሆናል» አለ ሙሄ። «እኔ ግን ምንም አልሆንኩም።»

ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣውም። ሊወጣውም አይችል። ያኮረፈ ሰው ምክንያቱን በራሱ አፍ ከተናገረ ኩርፊያው ኩርፊያ መሆኑ ቀርቶ ልመና ይሆናል፤ በዳዩ ራሱ ገምቶ መምጣት አለበት። ዋንዛ በር ላይ ይህን የማያውቅ ጡት ያልጣለ ሕፃን እንኳ የለም። የጓዱ ማሠልጠኛ መጽሐፍ ውስጥ ግን አልተጻፈም።

ስለዚህ ጓዱ ሥሩን በራሱ መንገድ መቆፈር ጀመረ። መጀመሪያ የውኃ ነገር ነው ተባለ፤ ዳንላዲ ኮረብታው ላይ የውኃ ጋን አቆመ። ሙሄ ቀመሰው፣ አመሰገነ፣ መብራቷ ቢጫ። የመንገድ ነገር ነው ተባለ፤ እስከ ዋናው ጎዳና ድረስ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ መንገድ ተነጠፈ። ቢጫ። የታሪክ ቁስል ይሆናል ተብሎ አያቱ በማን እንደተበደሉ ተጠየቀ። ሙሄ አሰበ አሰበና፣ አያቱ አንድ ጊዜ በበቅሎ ተረግጠው እንደነበር አስታወሰ። ጓዱ ሙሉ ቀን የበቅሎዋን ባለቤት ዘር ማንዘር ሲመረምር ዋለ። አንድ የስነ ልቦና አዋቂም ከሩቅ ምሥራቅ መጥቶ ለሙሄ በገና የመሰለ ነገር ደረደረለት። ሙሄ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃም ቢጫ።

መጨረሻ ላይ ሶሌዳድ ወንዙ ዳር ወርዳ ሴቶቹ በጆንያ እህል ጎብጠው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጭናቸው ሰብስበው ሲሻገሩ አየች። ዘነቡን ድልድይ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ ወይ አለቻት።

«አያቴም ጠይቃለች» አለች ዘነቡ።

«ታዲያ ለምን አልተሠራም?»

«አላኮረፍናማ።»

ለሶሌዳድ ይህ አዲስ አልነበረም። ጆሮው ቅያሜ ይሰማል እንጂ ችግር እንደማይሰማ እሷም ለዋናው ቢሮ ስንት ዘመን ነግራለች፤ ማን ሰምቷት። ተነስታ ለዳንላዲ ወንዙን አሳየችው። እሱም ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ።

ተኮላ ሰይድ በበኩሉ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ምን እንዳጠፋ ለማወቅ ሊቅ አላስፈለገውም፤ ልቅሶው ቤት ውስጥ ወንበር ሥር የገባውን መዶሻ ሲያይ ነው ያወቀው። መብራቷ ቢጫ በሆነች ማግሥት ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ሊለምን ተነስቶ ነበር፤ ጓዱ መንገድ ላይ ነው፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ እንይ ብለው የቅሬው ሰዎች ያዙት። ጋኑ ሲቆም እስከ መንገዱ አሉት። መንገዱ ሲያልቅ እንግዲህ በቃኝ ብሎ ድንጋዩን መርጦ ጫንቃው ላይ ሲሞክር፣ ዘይት ነጋዴዋ እትዬ ፋጤ መንደሩ መግቢያ ላይ ካለው የዋንዛ ዛፍ ሥር አገኘችው። ባለፈው ክረምት አህያዋን ከነጭነቷ ወንዝ የወሰደባት ሴት ናት። ዳንላዲ ውኃው ውስጥ ቆሞ ሲለካ አይታ መምጣቷ ነው።

«ድንጋይህን አስቀምጠው ተኮላ» አለችው። «ለምሰሶ ይፈለጋል።»

ድልድዩ እስኪያልቅ ሙሄ ሳይታረቅ ይቆይ የሚለው ነገር ለቅሬው ስብሰባ ቀረበ። ሁለት ወገን ተከራከረ። ሼሁና ቄሱ ነውር ነው፣ ሰው በቅያሜ አይነገድበትም አሉ። የተቀሩት ነውር መሆኑን አምነው፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ብቻ ትንሽ ነውር ብትፈቀድ ብለው ለመኑ። ሠርጉ ገና ነው፣ ይደርሳል ተባለ። ቄሱ ሼሁን አዩ፣ ሼሁ ወንዙን አዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዋንዛ በር ሰው ለአገር ልማት ሲል ሙሄን ሰላም ማለት ተወ። ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ፤ የቸኮለ ሰው ይመስላሉ። አንዱማ በፍቅር ዓይኑ እንባ ሞልቶ ጀርባውን አዞረበት። የሙሄ ኩርፊያ እንደ ማገዶ እሳት እየተቆሰቆሰ ጠነከረ፤ ድልድዩም ከኩርፊያው እኩል እየረዘመ ሄደ። የቻይና ግንበኛ ድንጋይ ይጠርባል፣ የፈረንሳይ ብየዳ ሠራተኛ ብልጭልጭ ያደርጋል፣ ዋንዛ በር እሸት ጠብሶ ያበላል። ዓለም እንዲህ ተባብሮ ሲሠራ ታይቶ አይታወቅም።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ዘነቡ ቧንቧው ጋ ሁለት ሴቶች ሲሳሳቁ ሰማችና ነገሩን አወቀች። ቤት ስትገባ ባሏ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መዶሻውን ዘይት ይቀባል።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው መዶሻ አቅፎ አያድርም። ስማኝ። ተኮላ ገና በመጀመሪያው ቀን ሊመጣ ነበር። እነሱ ናቸው የያዙት። ያ ድልድይ የሚሠራው በአንተ ኩርፊያ ላይ ነው።»

ሙሄ መዶሻውን አስቀመጠ። 

«ስንት ምሰሶ አለው?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ። ትልልቅ ነው።»

«ምሰሶ ሲቆም፣ ገመድ ሲወጠር፣ እኔን የጠራኝ የለም?»

«የለም።»

ሙሄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዘነቡ ያን ጊዜ ፈራች። እስከዚያ ድረስ የባሏ ኩርፊያ የምታውቀው ዓይነት ነበር፤ ሽሮ ሲሞቅ የሚለቅ። ይሄኛው ሌላ ነው። ለሰዓዳ የተሰፋው ቀሚስ ሳጥኑ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ በራፉ ላይ ያቺ ቢጫ መብራት ዓይኗን ሳታርገበግብ ታያለች።

ድልድዩ ዓርብ አለቀ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተኮላ ድንጋዩን ጫንቃው ላይ አድርጎ፣ ሼሁን በቀኝ ቄሱን በግራ አስከትሎ መጣ። ቢጫ ቤት ሰው አይሰበሰብምና ሕዝቡ ከአጥሩ ወዲያ ቆመ፤ አጥሩ እስኪዘም ተደገፈው። ሶሌዳድና ዳንላዲ በራፉ አጠገብ ናቸው። ሙሄ መደቡ ላይ ጉብ ብሏል።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዋንዛ በር ላይ የተበደለ ሰው በመጀመሪያው ልመና አይታረቅም፤ በሁለተኛውም አይታረቅም። ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ በአራተኛው ነው እሺ የሚለው። ከዚያ በፊት እሺ ያለ ሰው ለእርቅ የቸኮለ፣ ለምግብ የቸኮለ፣ ቀላል ሰው ይባላል፤ ስሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጆሮው ደግሞ ሦስተኛዋን እምቢታ ሲሰማ መርከቡን ይጠራል። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ሁለቱ ሕጎች አንድ በራፍ ላይ መገናኘታቸውን ያስተዋለ አልነበረም። አወል ገብሬ የተወሰደው ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎ ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ ከቁጣው የተነሳ መስሎት ነበር።

ተኮላ ተንበረከከ።

«ሙሄ ወንድሜ፣ ያጠፋሁትን አውቃለሁ። ድንኳኑ ሲመጣ አዝራሩን አየሁት። እጄን በላኝ። እንደ ልጅ ጓጓሁና ተጫንኩት። ሲነፋ ደስ አለኝ፤ አንተን የረሳሁት ያኔ ነው። ይቅር በለኝ።»

አጥሩ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሙሄም ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ላላ፤ ያን አዝራር እሱም ቢሆን ሳይጫነው እንደማያልፍ ያውቃል። ግን ወግ ወግ ነው።

«እምቢ» አለ። ጆሮው ጢው አለ።

ሶሌዳድ ጎንበስ ብላ፣ የተከበሩ አቶ ሙሄ፣ ጆሮው መቁጠር ጀምሯል ብላ አስጠነቀቀችው። ሼሁ ደግመው ለመኑ፤ ልጅህን አስብ፣ ነገ ሠርግ ነው አሉ። ሙሄ ተነስቶ ቆመ። ሁለተኛዋ እምቢታ የወግ አልነበረችም።

«የድንኳኑንስ እሺ። ኩርፊያዬን ወስዳችሁ ድልድይ ሠራችሁበት። ሰላምታ ነፈጋችሁኝ፤ እኔ ደግሞ ምን አጥፍቼ ነው እያልኩ አልጋዬ ላይ ስገላበጥ ከረምኩ። ድልድዩ ጥሩ ነው፣ ከሩቅ አይቼዋለሁ። ግን እዚያም ላይ አልጠራችሁኝም። እምቢ።»

ጆሮው ሁለት ጊዜ ጢው አለ። መብራቷ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ቢጫ መዋለል ጀመረች። ከኮረብታው ጀርባ አንድ ነገር እንደ ንብ ቀፎ እም አለ። እትዬ ፋጤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ አስገባች። በዚያ ዝምታ መሀል አወል ገብሬ ከአጥሩ ላይ ፈገግ ብሎ «ግሩም ነው» አለ።

ሙሄ አወልን አየው። የዚያ ሰው ቁጣ እንዴት ያስቅ እንደነበር ትዝ አለው። ከዚያ ተኮላን አየ፤ ድንጋዩ ከብዶት አንገቱ ላይ ያሉት ጅማቶች ተገትረዋል። ቄሱ ሦስተኛውን ልመና ጀመሩ፤ ቃላቸውን እየጎተቱ፣ እንዳያልቅባቸው እያረዘሙ፣ ከአብርሃም ጀምረው ያለፉትን አባቶች ሁሉ እየጠሩ። አባቶች ቢበዙም ያልቃሉ። አለቁ።

ሙሄ አፉን ከፈተ።

«ቆይ» አለች ዘነቡ። ከጓዳ ወጥታ ከባሏ ፊት ቆመች፤ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። «ሦስተኛውን እኔ ነኝ የምለው።»

«ምን?» አለ ሙሄ።

«ሰማኸኝ። በዚህ ነገር ከእኔ በላይ የተበደለ ማን አለ? አንተ በመዶሻህ፣ እነሱ በድልድያቸው፣ የልጄን ሠርግ መሀል ላይ ሰቅላችሁት ሰነበታችሁ። የጠየቀኝ አለ? ድንጋይ የተሸከመልኝ አለ? እምቢ ብያለሁ። ለእሱም፣ ለእናንተም እምቢ።»

ጆሮው አንድ ጊዜ ጢው አለና ዝም አለ። ይህች ሴት እስካሁን አረንጓዴ ነበረች፤ የእሷ እምቢታ አንደኛ ነው። ሦስተኛው የማን እንደሆነ ሲያሰላ ይመስላል፣ እንደ ገብስ ቆሎ ተንጣጣ። ከኮረብታው ጀርባ ያለው የመርከቡ ድምፅ ቀስ እያለ ራቀ።

ቄሱ ቀድመው ገባቸው። ሦስት እምቢታ ከዚህ ቤት ወጥቷል፣ ወጉ ሞልቷል፤ እንግዲህ አራተኛውን እንለምናለን አሉ። ተኮላ ግን ወደ ሙሄ አልዞረም። ድንጋዩን እንደተሸከመ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ዘነቡ ሄደ፤ ሙሄም ከመደቡ ወርዶ አጠገቡ ተንበረከከና የድንጋዩን ግማሽ በትከሻው ደገፈ። ዘነቡ ሁለቱን ሽማግሎች ቁልቁል አየቻቸው። ልትስቅ ስትል ሳቋን ዋጠች፤ ያው ዋጠችው እንጂ አልቆየላትም።

«ተነሱ» አለች። «ጉልበታችሁ ነገ ለጭፈራ ይፈለጋል።»

ሙሄ ድንጋዩን ከጓደኛው ጫንቃ አውርዶ አጥሩ ሥር አስቀመጠ። ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ። ላሚቱ ተጠየቀች፣ ጥጃዋ ተጠየቀች፣ ጉልበቱ ተጠየቀ፣ የውኃው ጋን ተጠየቀ። ሕዝቡ ቆሞ አዳመጠ፤ ሶሌዳድ እግሯ ዝሎ ተቀመጠች። ሙሄ የተኮላን የአጎት ልጅ አማት ደህንነት ሲጠይቅ መብራቷ አረንጓዴ ሆነች።

እሑድ ማለዳ ጥሩንባ ነፊው ኮረብታው ላይ ወጣ። «ሙሄ ወሌ፣ ድንኳን!» አለ፤ ወንዝ ማዶ ሰንበሌጥ ድረስ ተሰማ። ሙሄ ጉርሻውን ካፉ መልሶ ተነሳ። መዶሻውን በትከሻው፣ ገመዱን በክንዱ አድርጎ በመንደሩ መሀል በዝግታ አለፈ፤ ግራ ቀኙ ሰላም ሲለው ስለ ከብቱ ሁሉ እየመለሰ። ከድንኳኑ ዘንድ ሲደርስ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ቢስሚላህ አለና አዝራሩን ተጫነ። ድንኳኑ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቶ ቆመ። ያማረ ድንኳን ነበር፤ አላዘመመም፣ አላፈሰሰም።

ሙሄ ግን ዙሪያውን ዞሮ አየውና ገመድ ያስፈልገዋል አለ። አያስፈልገውም ያለው ሰው አልነበረም። ቻይናዊው አንዱን ጫፍ፣ ፈረንሳዊው ሌላውን፣ ዳንላዲ መካከሉን ያዙ፤ ተኮላ ካስማውን አቀና፣ ሙሄ መታው። የመዶሻው ድምፅ ወንዙን ተሻገረ። የሙሽራው ሰዎች ቢጫው ቤት አረንጓዴ መሆኑን በድምፁ አወቁና በአዲሱ ድልድይ ላይ እየጨፈሩ መጡ። ድልድዩ ከጭፈራው ብዛት ሁለት ጊዜ ዘሎ ተመልሷል የሚሉ አሉ። ሰዓዳ በዚያ ድንኳን ሥር ተዳረች።

ሰኞ ጓዱ ዕቃውን ሸከፈ። ዋናው ቢሮ የቅያሜው ሥር ምን ሆኖ ተገኘ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ሶሌዳድ «አልተጠራም ነበር» ብላ መለሰች። ቢሮው ሌላ ሥር እንድትፈልግ አዘዛት። እሷ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ጠይቃ ነበር። ሰንበሌጥ ክሊኒክ የላትም፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ኮምቦልቻ ድረስ ነው የምትወሰደው። ዳንላዲ ቦታውን ለክቶ ጨርሷል። መልሱ መጣ። በአካባቢው መብራት ሁሉ አረንጓዴ ስለሆነ ክሊኒክ አያስፈልግም።

ልትሰናበት ከዋንዛው ሥር ስትቆም መንደሩ ተሰብስቦ ጠበቃት። ዳንላዲ ከመኪናው ላይ ሆኖ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ እንሂድ አላት። ሶሌዳድ ወንዙን አየች፣ ማዶውን አየች። ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠችበት፤ ጉልበቷን አቀፈች።

«ምንም አልሆንኩም» አለች በዚያ በራዲዮ አማርኛዋ።

ትከሻዋ ላይ ያለችው ትንኝ የምታህል መብራት ቢጫ ሆነች።

 ዳንላዲም ሕዝቡም ለአንድ አፍታ አልገባቸውም። መጀመሪያ የገባት ዘነቡ ናት። ወደ ሶሌዳድ ቀረብ ብላ የራሷን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት።

«እስከ ክሊኒኩ ድረስ ነው አይደል እታለም?» አለቻት ቀስ ብላ።

ሶሌዳድ ፊቷን ወደ ዋንዛው ግንድ አዞረች።

ዘነቡ ወደ ሕዝቡ ዞራ በዓይኗ ምልክት ሰጠች። ያን ቀን ዋንዛ በር ላይ አንድም ሰው ያችን ሴት ሰላም አላላትም። ሼሁ መንገድ ቀየሩ፣ ቄሱ ጃንጥላቸውን ዘቅዝቀው አለፉ፣ እትዬ ፋጤ ትኩስ ዳቦ በመሶብ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠችና በፍቅር ጀርባዋን አዞረችባት።